ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት የሚያንኳኳው ሰው

የጋሽ ደምሴን ሞት የሰማሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ካምፓላ ውስጥ ንቲንዳ ከሚባል ሰፈር ወደ መሐል ከተማ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ ተቀምጬ ነው። ስልኬ ጢን አለ። የሰፈራችን ሐበሾች የዋትሳፕ ግሩፕ ነበር። አንድ ልብስ ነጋዴ «ጋሽ ደምሴ አረፈ፣ ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ሦስት የሚያለቅሱ ፊቶች ደርድሯል። በቃ ይኸው ነው። ከሱ በላይ ያለው መልእክት የበርበሬ ማስታወቂያ ነበር።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። ሰው ሲሞት እንዴት መነገር እንዳለበት ካምፓላ ላለ ሐበሻ ሁሉ ያሳየ ሰው የራሱ መርዶ ከበርበሬ ሥር ተለጥፎ ሳይ መቀመጥ አቃተኝ። ረዳቱን አውርደኝ አልኩት። መድረሻዬ ሳልደርስ ወርጄ፣ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ለግሩፑ አድሚን ደውዬ ጮህኩበት። መልእክቱ ወዲያው ተሰረዘ። ሐይቅ ዳር፣ ሙንዮንዮ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ የሆነው የጋሽ ደምሴ ታናሽ ወንድም ዘሪሁን፣ በሆነ ባልሆነው ተጣልቶ ከግሩፑ ከወጣ መንፈቅ አልፎታል። ያ ጠብ ይባረክ፣ አላየውም።

ወደ ዘሪሁን እመለሳለሁ። አንድ ቦታ መርጋት የማልችል ሰው ነኝ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ በረንዳው ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ሰውየውን ላስተዋውቅ።

ጋሽ ደምሴ ጄኔሬተር ጠጋኝ ነበር። ካባላጋላ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ ነበረችው። መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ይራገማል፣ እሱ እጁን ያፋትጋል። አጭር ነው፤ ሆዱ ቀድሞት ይገባል፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ጥቁር ዘይት ለፋሲካም አይለቅም። የተበላሸ ጄኔሬተር ሲመጣለት ወዲያው አይፈታውም። ያስነሳውና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ይሰማዋል። «ይሄ ውሃ ጠጥቷል» ይላል። ወይም ደግሞ «ይሄ ምንም የለበትም፣ ባለቤቱ ነው ዕረፍት ያጣው» ይልና ይመልሰዋል።

ሌላ ሥራም ነበረው፣ ደሞዝ የሌለው። የእድራችን መርዶ ነጋሪ እሱ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ እዚህ ላለው ልጅ አይደውልም፤ ለጋሽ ደምሴ ይደውላል። እሱ ሽማግሌ ያሰባስባል፣ ወንበር ይዋሳል፣ ምግብ የሚሠሩትን ሴቶች ያስተባብራል፣ ከዚያ ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ያንኳኳል። ሕጉ ጥብቅ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። አንድ ሰው ብቻውን ሄዶም አይነግርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ከዚህ የተነሳ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የጋሽ ደምሴን ፊት በሩ ላይ ማየት የሚፈልግ ሐበሻ ካምፓላ ውስጥ አልነበረም። በቀን መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰዎች እንኳ «በሰላም ነው?» ሲሉት የምር ነው የሚጠይቁት።

እኔ ቤት የመጣው ካምፓላ በገባሁ በአራተኛው ወር ነው። ካንሳንጋ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ሥራ ፈልጌ አጥቼ፣ ሌሊት ስገላበጥ የማድርበት ጊዜ ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ፣ ረጋ ብሎ። ስከፍት ጋሽ ደምሴ ቁምጣ ለብሶ ቆሟል። ቁምጣውን የት አየሁት! የበሩን መቃን ያዝኩ።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«ማንም አልሞተም። ሐኪም ሩጥ አለኝ።»

«እ?»

«ስኳሬ ከፍ ብሏል። ብቻዬን ስወጣ ደግሞ የሰፈሩ ውሻ ያባርረኛል። አንተ ወጣት ነህ፣ ሥራም የለህ። ጫማህን አድርግ።»

ትልቅ ሰው አይሰደብ ነገር። በሩን ዘግቼ ልተኛ አሰብኩ፤ ልብ እንደዚያ እየደለቀ እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ጫማዬን አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ያንኳኳል፣ እንሮጣለን። በመጀመሪያው ቀን ገና መቶ ሜትር ሳንሄድ «እርስዎ ትንሽ ቀስ ቢሉ…» ስል አስቆመኝ። «ስማ ብሩኬ፣ ሩጫ ላይ አንቱታ የለም። ትንፋሽ ይፈጃል። ስንቆም ታከብረኛለህ።» እንደዚያው ሆነ። ስንሮጥ አንተ፣ ስንቆም አንቱ። እዚህም «እሱ» እያልኩ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ሳስታውሰው ሁልጊዜ እየሮጠ ነው።

ሩጫችን ሩጫ አይባልም ነበር። የካምፓላ ሰው ግን የሚሮጥ ሐበሻ ካየ ሻምፒዮን ነው ብሎ ያምናል። ሞተራቸው ላይ ተጋድመው ተሳፋሪ የሚጠብቁ የቦዳ ነጂዎች ቀና ይሉና «ኢትዮጵያ! ሜዳሊያ!» ይሉናል። ጋሽ ደምሴ እጁን ያወዛውዝላቸዋል። «አታሳፍራቸው፣ ፍጠን!» ይለኛል። ማጠፊያው ድረስ በርረን፣ ከዓይናቸው ስንሰወር ሁለታችንም አጥር ተደግፈን እናለከልካለን። አንዳንዴ ከኋላችን የደረሰ ቦዳ ያየንና «ምፖላ ምፖላ፣ ምዜ» ይለዋል፤ ቀስ በል አባት እንደማለት ነው። እሱ በጣም ይከፋዋል።

«ዳገትን ቀና ብለህ አትየው፣ ይኮራብሃል፤ ጫማህን እያየህ ውጣ» ይል ነበር። እኔ ግን አማራሪ ነኝ፤ እየሮጥኩም አማርራለሁ። ቃለ መጠይቁ ስለተራዘመብኝ የስደተኝነት ፋይሌ፣ ኋላ ኦልድ ካምፓላ በጅምላ መደብር ውስጥ ስላገኘሁት አለቃ፣ ስለ ቤት አከራዬ፣ ስለ ዝናቡ። አንድ ቀን «እየሰማኸኝ ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። «ወሬህን አልሰማም፤ ትንፋሽህን ነው የምሰማው። ወሬህ ሁልጊዜ አንድ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልምጣ። ሳላንዛዛ በቀጥታ ልናገረው። በዚያች ቅዳሜ አባቴ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነበር። ጋሽ ደምሴ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። በደወለ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «መቼ ነው የምትመጣው?» እኔ ደግሞ መመለስ አልችልም። ለምን እንደማልችል አስር ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ይሰማና በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይጠይቃል። በመጨረሻ በተነጋገርን ጊዜ «ይህን ነገር ደግመህ ካነሳህ ስልክህን አላነሳም» ብዬ ዘጋሁበት። ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም። በሦስተኛው ሳምንት መደወል አቆመ፤ ተቀይሞኝ ነው ብዬ እኔም ተቀየምኩ።

ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ፣ ረጋ ብሎ። በዚያ ማንኳኳት የማይደነግጥ ብቸኛው ሐበሻ እኔ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹም ይህን ያውቃሉ። ለካ «ብሩክን አንተ አውጣልን፣ እኛ ግቢውን እናሰናዳ» ብለውት ኖሯል። የምኖርበት ግቢ ከሦስት ዩጋንዳውያን ቤተሰቦች ጋር የጋራ ስለሆነ፣ ሰው የሚሰበሰበውና ወንበር የሚደረደረው እኔ ከሌለሁ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ላይ እንዲመልሰኝ ተቀጣጥረዋል።

ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ሮሌክስ የሚሉትን፣ እንቁላል በቂጣ የተጠቀለለበትን ምግብ የሚሸጡት ሰዎች ከሰል እያያያዙ ነበር። እንደወትሮው ወደ ታች እንታጠፋለን ስል እሱ ወደ ሙዬንጋ ዳገት ታጠፈ። ዳገቱ የከተማው የውሃ ታንከሮች ያሉበት ነው፤ መኪናም ያስለቅሳል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀንም እስከ ጫፉ አልወጣነውም።

«ወዴት ነው?»

«ላይ።»

«ምን በደልኩህ?»

ጫማውን እያየ መውጣቱን ቀጠለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቀልድ ነበር። እኔም ወሬዬን ጀመርኩ። ስለ አለቃዬ አማርሬ ስጨርስ ወደ አባቴ ተሻገርኩ።

«ዛሬ ደውዬ የልቤን ነው የምነግረው። መቼ ትመጣለህ፣ መቼ ትመጣለህ! መምጣት ብችል እዚህ ምን እሠራለሁ? ደግሞ እኮ ተኮራርፎ መደወል አቆመ። ሽማግሌ ሰው ያኮርፋል?»

«ሩጥ» አለኝ።

«እየሮጥኩ ነው!»

«ዝም ብለህ ሩጥ ብሩኬ።»

ፈጠነ። ያ ባለ ቦርጭ ሰውዬ እንደዚያ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም። ጎኔን ወጋኝ፣ አፌ ምራቅ አጣ፤ እንቁም አልኩት፤ አልቆመም። ራሱም ነዳጅ እንደጨረሰ ጄኔሬተር እየተንተፋተፈ ነው። ያኔ ማሰቢያ ቢኖረኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር፤ ሰው እንደዚያ የሚሮጠው የተሸከመው ሲከብደው ነው። የመጨረሻዋን ኩርባ የወጣሁት በሩጫ አይደለም፤ እጄን ጉልበቴ ላይ እየደገፍኩ ነው።

ጫፉ ላይ ደርሰን አጠገብ ለአጠገብ ቆምን። ፀሐይ እየወጣች ነበር። በአንድ ወገን ሐይቁ ከሙንዮንዮ ባሻገር ተዘርግቶ ተኝቷል። በሌላው ወገን የኦልድ ካምፓላ መስጊድ ሚናሬት ከኮረብታው ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ የምሠራበት መደብር የት እንዳለ ለመለየት ሞከርኩና አቃተኝ። አለቃዬ ቀኑን ሙሉ የሚጮህበት መደብር ከዚያ አይታይም። አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች ከእኛ በታች ሲያንዣብቡ ጀርባቸውን አየሁት። ሁልጊዜ ከቆሻሻ ገንዳ ላይ ቆመው ነበር የማውቃቸው፤ እንደዚያ ያምራሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ትንፋሼ እየተመለሰ ሲመጣ ውስጤም ረጋ አለ። ስንት ጊዜ በሕይወቴ እንደረጋሁ መቁጠር እችላለሁ፤ አንዱ ያ ነው። አባቴ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ከመሪው ኋላ ቁጭ ብሎ በመስታወት እያየኝ። ምን ነበረበት? «እመጣለሁ አባዬ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ» ብለው ምን ይጎድልብኛል? ሽማግሌ ነው፤ ደስ ብሎት ቢያድር ምን አለበት?

«ጋሽ ደምሴ፣ ያሉት እውነት ነው፣ ወሬዬ ሁልጊዜ አንድ ነው» አልኩት። ቆመናልና አንቱ ነበር። ስልኬን አወጣሁ። «አባቴን ልደውልለት። አልቆጣውም፣ ሰላም ልለው ነው።»

የአባቴን ስም ተጭኜ ስልኩን ወደ ጆሮዬ ሳስጠጋ እጄን ያዘኝ። ከነስልኩ ጠቅልሎ ያዘኝ።

«ቆይ» አለኝ።

«ምነው?»

«አባትህ አያነሱም ብሩኬ። ማክሰኞ አርፈዋል።»

ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም። «እያወቅክ ነው ያስሮጥከኝ?» ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ቆመን አንተ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «አዎ» አለኝ። ደረቱን በቡጢ መታሁት። አልተከላከለም። ከዚያ የታንከሩ አጥር ሥር ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሙዝ በጭንቅላቷ ተሸክማ የምትወርድ ሴት ቆመች። ጋሽ ደምሴ በተሰባበረ ሉጋንዳው አባቱ ሞተ አላት። ሙዟን አወረደች፣ ጭቃው ላይ በርከክ አለችና «ኪታሎ ንዮ፣ ሴቦ» አለችኝ፤ እነሱ ሐዘንተኛን የሚያጽናኑት እንደዚያ ነው። ለአባቴ መጀመሪያ ለቅሶ የደረሰችው ስሟን የማላውቃት ሴት ናት።

ስንወርድ በእግራችን ነበር። ሕጉን ለምን እንደጣሰ ጠየቅሁት።

«ብትደውል እህትህ ታነሳለች። ለቅሶ ቤት ነው፤ ዋይታውን በስልክ ትሰማው ነበር። ይሄ ከሚሆን እኔ ብሳሳት ይሻላል አልኩ።» ጥቂት ሄድንና ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «አንድ ነገር ልለምንህ። ግቢ ስትገባ እንዳልሰማህ ሁን። ሴቶቹ ከሌሊት ጀምሮ ቆመዋል፤ አቶ በላይም የሚናገሩትን ሲያጠኑ ነው ያደሩት።»

«ማስመሰል አልችልም» አልኩ።

«አታስመስልም። ስትገባ ታየዋለህ።»

እውነትም በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ፣ ያ ሁሉ ነጠላ፣ ያ ሁሉ የላስቲክ ወንበር፣ የጎረቤቶቼ የዩጋንዳውያኑ ሴቶች ሳይቀሩ በአንድ ጥግ ቆመው ሳይ፣ የእድሩ ሽማግሌ አቶ በላይ ገና «ልጄ ብሩክ» ሲሉ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ወደቅሁ። ከኋላ ደግፎ የያዘኝን ክንድ በዘይት ሽታው አወቅሁት። ዳገቱ ላይ ጆሮዬ ነበር የሰማው፤ ሌላው ሰውነቴ የሰማው ግቢዬ ውስጥ ነው። ጋሽ ደምሴ ቀድሞ እንደነገረኝ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ነው የምናገረው።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። በሩን ከፍቼ መቃኑን ያዝኩ።

«ማንም አልሞተም» አለኝ ቶሎ ብሎ። «ተነስ።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሮጥን። ሙዬንጋን ብዙ ጊዜ ወጣነው። አንድ ጊዜ ላዩ ላይ ቆመን «ችግር ከላይ ሲያዩት አይጠፋም፤ ልኩ ግን ይታወቃል» አለኝ፤ እኔም ዳገት ላይ ማማረር ቀነስኩ፤ ተውኩ አላልኩም። አምና ኩላሊቱ ታመመና ለሕክምና ወደ እህቱ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ። «ስመለስ ሳንባህ ዝጎ እንዳላገኘው» ነበር የስንብቱ ቃል። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው ወሬው የደረሰን።

ያን ዕለት ከታክሲ ወርጄ ከጮህኩ በኋላ አቶ በላይ ቤት ተሰበሰብን። ለዘሪሁን ማን ይንገረው ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«አንተ አውጣልን፣ እኛ እስክትመለሱ እንሰናዳለን» አሉ አቶ በላይ።

«እሱ እኮ አይሮጥም አባባ» አልኩ። እውነት ነው። ዘሪሁን ወንድሙን ከነፍሱ ይወዳል፤ ሩጫን ግን አምርሮ ይጠላል። «ሰው ካልተባረረ አይሮጥም» ነው የሚለው። ጋሽ ደምሴ ስኳር በዘር ነው እያለ ለዓመታት ቢጨቀጭቀውም ከድስቱ አልለየውም። አቶ በላይ ግን ቃሌን እንዳልሰሙ ሆነው የሚዋሱትን ወንበር ይቆጥሩ ጀመር።

በማግስቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሙንዮንዮ፣ የዘሪሁን ቤት በር ላይ ቆምኩ። የሴቶቹ መኪና ማጠፊያው ላይ መብራቱን አጥፍቶ ቆሟል። እጄን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ መለስኩት። በመጨረሻ አንኳኳሁ፤ ረጋ ብዬ።

ዘሪሁን በካናቴራ ወጣ። ፊቴን፣ ከዚያ ቁምጣዬን አየ።

«ማን ሞተ?» አለ።

ማንም አልሞተም ማለት አልቻልኩም። «ጋሽ ደምሴ ነው የላከኝ» አልኩ። ውሸት አልመሰለኝም።

ሳቀ። በግድግዳው ላይ ተደግፎ ሳቀ። «ከአልጋ ላይ ሆኖም አይተወኝም? በል ቆየኝ፣ ዛሬስ ልውጣለት።» ወንድሙ ከሁለት ዓመት በፊት የገዛለትን፣ ከካርቶኑ ወጥቶ የማያውቅ ጫማ አድርጎ ተመለሰ።

በሐይቁ ዳር ጀምረን ወደ ላይ በሚወጣው አስፋልት ታጠፍን። ከባድ ነው፤ ይንፏቀቃል እንጂ አይሮጥም። አላጣደፍኩትም። ሲያወራኝ ወሬውን ሳይሆን ትንፋሹን ነበር የምሰማው። ሕጉን ልጠብቅ ቆርጫለሁ። ግቢው ሲገባ፣ ከሰው ጋር፣ በአቶ በላይ አፍ ይሰማል።

ዳገቱ ጫፍ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል፤ ፊቱ ግን በርቷል። ወደ ኋላው ዞሮ የወጣውን መንገድ አየና ማመን አቃተው።

«ይህን ሁሉ እኔ ነኝ የወጣሁት?» አለ። ከኪሱ ስልኩን አወጣ። «ልደውልለት። ሮጥኩ ብለው አያምነኝም፣ አንተ መስክርልኝ።»

እጁን ከነስልኩ ያዝኩት።

«ቆይ ዘሬ» አልኩት።